ከሰል፣ ሐረጎ እና መንዙማ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ላይ ጉም ወርዷል፣ ብርዱ አይጣል ነው፣ ማይኩን ይዤ ምድጃው ስር ኩርምት ብያለሁ። ሲንጣጣ ከሰማችሁ ከሰሉ ነው።

አያቴ ቡና ልትቆላ ስትል ከሰሉን አታየውም ነበር። መዳፏን ከላይ ዘርጋ አድርጋ "ደርሷል" ትላለች። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ሄርሼልም በፈረንጆቹ 1800 ያደረገው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ አለፍ ብሎ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ጨመረ። ኢንፍራሬድ የምንለው እሱን ነው።

ማስተርሴን ስሠራ ነገሮች ከምን እንደተሠሩ በኢንፍራሬድ ለመለየት የተጠቀምኩበት መሣሪያ ውስጥም ያለው፣ አትሳቁብኝና፣ የጋለ የሲሊከን ካርባይድ ዘንግ ነው። ከሰል በሉት። ናሙናዬ ከአያቴ ዳዊት ብራና የተራገፈች ፍርፋሪ ነበረች፣ ከፀጉር ውፍረት ብዙም የማትበልጥ። ሦስት ሳምንት ለፍቼ ያገኘሁት ግራፍ ዶሮ የጫረው ነበር የሚመስለው። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ስንት ሌሊት ተብሰለሰልኩ! ለካ ከሰል ብርሃኑን በየአቅጣጫው ነው የሚበትነው፤ አብዛኛው ፍርፋሪዋን ስቶ ያልፋል።

ሲንክሮትሮን፣ ኤሌክትሮኖችን በቀለበት እያዞረ ብርሃን የሚያወጣው ትልቅ ማሽን፣ ሌላ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሌሊት ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ከፊት የሚመጣው መኪና ሲታጠፍ መብራቱ ገደሉን ጠርጎ ዓይናችሁ ላይ ቦግ ይልና ያልፋል። ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖችም ማግኔት ሲያጥፋቸው እንዲሁ ወደፊታቸው ጠባብ ጨረር ይለቃሉ። ትንሽ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ከጋለው ዘንግ ከ100 እስከ 1000 እጥፍ ይደምቃል።

ፍሪ ኤሌክትሮን ሌዘር ደግሞ ለእኔ መንዙማ ነው። ወሎ አይደለን፣ እኛ ቤት ዳዊቱም መንዙማውም አለ። ሰሜንና ደቡብ እያፈራረቁ በተደረደሩ ማግኔቶች መሃል ኤሌክትሮኖቹ እየተወዛወዙ ያልፋሉ፤ መጀመሪያ ሁሉም በየራሱ ያጨበጭባል፣ ኋላ ራሱ የለቀቁት ብርሃን እንደ ድቤ ይሰበስባቸውና አንድ ላይ ይመታሉ። ፊዚሲስቱ ጆን ማዴይ በፈረንጆቹ 1971 አስቦት፣ በ1977 ስታንፎርድ ላይ ሲሠራ የወጣው ብርሃን ኢንፍራሬድ ነበር። የማግኔቶቹን ክፍተት ብትቀይሩ የሞገድ ርዝመቱም ይቀየራል። ግን ጉልበቱ አንድ ቀለም ላይ ነው። ምን እንደሆነች ለማይታወቅ ፍርፋሪ ሁሉንም ቀለም ባንዴ የሚሰጠው ሲንክሮትሮን ይሻላል ባይ ነኝ።

አፍሪካ ውስጥ ሲንክሮትሮን የለም። ቅርባችን ዮርዳኖስ ያለው ሴሳሚ ነው፣ በፈረንጆቹ 2017 የተመረቀ፣ የኢንፍራሬድ መስመርም አለው። ማመልከቻ ጀምሬ ግማሹ ላይ ትቼዋለሁ። ፍርፋሪዋ አሁንም በብልቃጥ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ቆይ... ከሰሉ እየከሰመ ነው፣ አንዴ ላራግበው።