መልማዩ የሚያጣው ምክንያት፦ ጣልቃ አለመግባትና የሽብር ምልመላ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፤

እንድናገርበት የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነው። መንግሥታት ጦራቸውን በሌላ አገር ጉዳይ ከማስገባት ቢታቀቡ የሽብር ቡድኖች ወጣቶችን የመመልመል አቅማቸው ይዳከማል ወይ? የእኔ መልስ አዎን፣ ይዳከማል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጣልቃ አለመግባት አዲስ ምልመላን የማድረቅ ኃይል ቢኖረውም አስቀድሞ የተደራጀን ቡድን አይበትንም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲምታቱ፣ ጣልቃ ገብነትን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ሲደርሱ አያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ።

በቅድሚያ የቡድኖቹን የራሳቸውን ቃል እንመልከት። ኢራቅ በ1990 ኩዌትን ስትወር የአሜሪካ ጦር ሳዑዲ ዓረቢያ ገባ፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም እዚያው ቆየ። ኦሳማ ቢን ላደን በ1996 እና በ1998 ባወጣቸው መግለጫዎች ያነሣው ይህንኑ ጦር፣ በኢራቅ ላይ የተጣለውን ማዕቀብና አሜሪካ ለእስራኤል የምትሰጠውን ድጋፍ ነበር። ይህ ሰበብ ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ለመሪዎቹ እውነት ሊሆን ይችላል። መልማይ ግን ሰበቡን የሚመርጠው በአድማጩ ልብ ውስጥ ያለውን ቁስል አይቶ ነው። ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ምክር የሚሰጠው የመከላከያ ሳይንስ ቦርድ በ2004 ባቀረበው ሪፖርት፣ ሙስሊሞች የሚጠሉት የአሜሪካን ፖሊሲ እንጂ ነፃነቷን እንዳልሆነ በግልጽ አስፍሯል። የአገሪቱ የስለላ ተቋማትም በ2006 በጋራ ባዘጋጁት ግምገማ፣ የኢራቅ ጦርነት ለጂሃዲስቶች መሰባሰቢያ እንደሆነላቸውና አዲስ የአሸባሪ መሪዎች ትውልድ እየቀረጸ መሆኑን ደምድመዋል። እንዲህ ብለው የጻፉት ጦርነቱን ያካሄደው መንግሥት የራሱ ባለሙያዎች ናቸው።

ኢራቅ ውስጥ የሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በ2003 ባግዳድ በተያዘች በሳምንታት ውስጥ የወራሪው ኃይል አስተዳደር የኢራቅን ጦር በአንድ ትእዛዝ በተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ፣ መሣሪያ መያዝና ሰው መምራት የሚያውቁ ወንዶች ደመወዛቸውንና ክብራቸውን አጥተው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በአገሪቱ ደቡብ በተከፈተው የቡካ እስር ቤት ደግሞ ተራው ተጠርጣሪና ልምድ ያለው ጽንፈኛ አብረው ታጎሩ፤ በኋላ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው የአይ ኤስ ቡድን መሪ የሆነው አቡ በክር አል ባግዳዲም በ2004 ከታሰሩት አንዱ ነበር። መልማዩ የሚፈልገው ቂም፣ ሙያና መገናኛ ቦታ በአንድ ጊዜ የተሟላለት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው የሶማሊያን ጉዳይ ነው፤ አንዳንዶቻችሁን እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። የኢትዮጵያ ጦር በ2006 መጨረሻ ሶማሊያ የገባው ባይዶዋ የነበረው የሽግግር መንግሥት ጠይቆት ነው፤ በወቅቱ ሞቃዲሾን ይዞ ከነበረው ከእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት መሪዎች መካከልም በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ያወጁ ነበሩ። ስለዚህ የደኅንነት ሥጋቱ የተፈጠረ ወሬ አልነበረም። ሆኖም አል ሸባብ እስከዚያ ድረስ የኅብረቱ አንድ የወጣቶች ክንፍ ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ኅብረቱ ሲበተን ለውጊያ ተዘጋጅቶ የቀረው እሱ ነበር፤ አገር ከውጭ ጦር የመከላከልን ስምም ለብቻው ወሰደ። በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ሶማሌ ወጣቶችን ይጎተጉቱ የነበሩ መልማዮች ዋና መከራከሪያቸው ይኸው የውጭ ጦር ነበር። በ2008 መገባደጃ እዚያች ከተማ ያደገ አንድ ወጣት በፑንትላንድ፣ ቦሳሶ ውስጥ ራሱን አፈነዳ። የፈነዳው የፑንትላንድ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ላይ ነው፤ የሞቱበትም ሶማሌዎች ናቸው። ቁጣ ያስገባውን ልጅ ቡድኑ የሚያሰማራው ወደፈለገበት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ጦሩ በ2009 መጀመሪያ ሲወጣ ደግሞ አል ሸባብ አልከሰመም። ወዲያውኑ ባይዶዋን ያዘ፤ ቀድሞ የኅብረቱ መሪ የነበሩት ሼክ ሸሪፍ ፕሬዚዳንት ሲሆኑም እሳቸውንም ከሃዲ ብሎ ወጋቸው። በዚያ ጊዜ ቀረጥ የሚሰበስብበት መሬት፣ የማሠልጠኛ ሰፈርና የማይታዘዘውን የሚቀጣበት ኃይል ነበረው። የመጀመሪያው ሰበብ ቢነሣለትም ቡድኑ ያለሱ መኖር ችሎ ነበር። ጣልቃ አለመግባት ዋጋ የሚኖረው ጦር ከመላኩ በፊት ነው የምለው ስለዚህ ነው።

የውጭ ጦር ባልገባበትም ጽንፈኝነት እንደሚያድግ መካድ አይገባም። የናይጄሪያው ጽንፈኛ ቡድን የቦኮ ሐራም መሥራች መሐመድ ዩሱፍ በ2009 የተገደለው በናይጄሪያ ፖሊስ እጅ ሳለ ነው፤ ቡድኑ ከቀድሞው እጅግ ጨካኝ ሆኖ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነበር። በሶሪያም የአሜሪካ አውሮፕላኖች በ2014 መደብደብ ከመጀመራቸው በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ ተዋጊዎች ገብተው ነበር፤ ብዙዎቹን የጠራቸው የአሳድ መንግሥት በገዛ ሕዝቡ ላይ የፈጸመው ግድያ ነው። አሜሪካ በ2021 አፍጋኒስታንን ለቅቃ ብትወጣም እዚያ የሚንቀሳቀሰው የአይ ኤስ የኾራሳን ክንፍ መመልመሉን ቀጥሏል፤ በ2024 ሞስኮ አጠገብ በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ከ140 በላይ ሰዎች ለተገደሉበት ጥቃት ተጠያቂው እሱ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 ባወጣው የአፍሪካ ጥናት፣ ከተጠየቁት የቀድሞ ምልምሎች 71 በመቶው ለመቀላቀል የገፋቸው የመንግሥት እርምጃ፣ ለምሳሌ የዘመድ ወይም የወዳጅ መገደል ወይም መታሰር እንደሆነ ተናግረዋል። እኔ ከዚህ የምረዳው በር ሰብሮ የገባው ወታደር የለበሰው የማንም አገር መለያ ቢሆን፣ ወንድሙ ለተወሰደበት ልጅ ልዩነቱ ትንሽ መሆኑን ነው። እንግዲህ ወታደሩን አስወጥቶ፣ ሕዝቡን ለሚያሰቃይ የጸጥታ ኃይል ገንዘብ፣ መሣሪያና ሰው አልባ አውሮፕላን መላኩን የሚቀጥል መንግሥት ጣልቃ አልገባሁም ሊል አይችልም። ምልመላው የሚቀንሰው ይህም አብሮ ሲቆም ነው።

በ2014 በኢራቅ ሲንጃር ተራራ ላይ በአይ ኤስ ተከብበው የነበሩትን የዚዲዎች፣ የአገሪቱን አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰብ፣ ስናስብ፣ ከውጭ የመጣ እርዳታ ሕይወት ያተረፈበት ጊዜ መኖሩን እቀበላለሁ። እንዲህ ያለ ውሳኔ በሚቀርብበት ምክር ቤት ግን፣ የጥይቱና የስንቁ ወጪ እንደሚሰላ ሁሉ፣ ዘመቻው ምን ያህል አዲስ ተዋጊ ለጠላት ሊያፈራ እንደሚችል የሚገምት ጽሑፍ አብሮ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። ግምገማውም ከሚዘምተው ጦር ውጭ ባለ አካል ይዘጋጅ፤ የእስረኛ አያያዝን፣ የሚበተኑ የጸጥታ ኃይሎችን ዕጣና የመውጫውን ጊዜ ይመልስ። ጥያቄዎቹ ካልተመለሱ ድምፅ መስጠት አይገባም።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።