ባለጉዳዩ ማነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሶሻል ወርክ ትምህርት ክፍል አዲስ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስጋበዝ "ተማሪዎቹን የሚያነቃቃ ነገር ተናገሪ" ተብዬ ነበር። እኔ ሆስፒታል የምሠራ ሶሻል ወርከር ነኝ፤ አነቃቂ ንግግር አልችልበትም። በዚያ ላይ ከምሳ በፊት ነው፤ የነቃችሁ ትመስላላችሁ። ስለዚህ ስለ አንድ ስህተቴ ላውራችሁ።

በመጀመሪያ ግን እጅ አውጡልኝ። ሶሻል ወርክን አንደኛ ምርጫው አድርጎ የሞላ ማነው? ይህን ስጽፍ ብዙ እጅ አልጠበቅኩም። አትፈሩ፣ እኔም አራተኛ ላይ ነበር የሞላሁት። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ከዚያ እሱ።

ምደባው የወጣ ቀን አባቴ ደወለ። "ምን ደረሰሽ?" አለኝ። "ሶሻል ወርክ" አልኩት። "በአማርኛስ?" አለ። "ማህበራዊ ሥራ።" ትንሽ ዝም አለና "ለቅሶ መድረስና ሠርግ መሄድ ሦስት ዓመት ይማሩታል እንዴ? እናትሽ ሳትማር ትችለው የለም?" አለኝ።

ያን ቀን አኩርፌ ስልኩን ዘጋሁት። ሥራ ከገባሁ በኋላ ግን የአባቴ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። እውነቱን ነው። እናቴ የጎረቤት ማዕድ ቤት ጭስ ካላየች "ምን ሆነው ይሆን?" ብላ የምትሄድ ሴት ናት። የታመመ ትጠይቃለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች፣ ወላድ ታርሳለች። ታዲያ እሷ የማታውቀውን ምን ተማርኩ?

እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ሃምሳ ሎሚ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ይኸው ጠቀስኩት፤ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እኔን የሚያሳስበኝ ሃምሳ አንደኛው ሰው ነው፤ ሎሚ ያልደረሰው። እድራችንን ውሰዱ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሬሳ የሚሸከመው ሰው፣ ሁሉም አለ። ግን መዝገብ አለው። ወርሃዊውን ያልከፈለ ይሰረዛል። ትናንት ከክፍለ ሀገር መጥታ ኮርኒስ የሌለው ክፍል የተከራየች ሴት ስሟ የትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ደግነታችን የሚያውቀውን ሰው ያህላል።

ሌላም አለ። የሰፈር እርዳታ ከወሬ ጋር ነው የሚመጣው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ጓዳዋን የምታሳየው ስታጣ ስታጣ ነው፤ ነገ ቡና ላይ እንደሚወራ ታውቃለቻ። እናቴን እወዳታለሁ፤ ግን ምስጢር አትችልም። (ንግግሬን ስለማትሰማ ነው ይህን የደፈርኩት።)

አሁን ወደ ስህተቴ።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለፊልድ፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ የተመደብኩት ጎዳና ላይ ካሉ ልጆች ጋር በሚሠራ አንድ ድርጅት ነበር። እዚያ አንድ ልጅ አገኘሁ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አውቶቡስ ተራ ጫማ ይጠርጋል። የመጣው ከደብረ ማርቆስ አለፍ ብሎ ካለ ገጠር ነው እንበል። "እንበል" ያልኩት አገሩንም አንዳንድ ዝርዝሩንም ስለቀየርኩት ነው። ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ታሪኩን አደባባይ ላይ እንድዘረግፈው አልፈቀደልኝም።

እኔ ደግሞ በጣም ጎበዝ ነበርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አያቱን አገኘኋት። የጎረቤት ስልክ ፈልጌ አነጋገርኳት፣ አለቀሰች፣ አለቀስኩ። የትራንስፖርት ገንዘብ አስፈቀድኩ። አዲስ ሹራብና ደብተር ተገዛለት። አንድ ሠራተኛ ይዞት ሄደ። ሪፖርቴ ላይ "ከቤተሰቡ ጋር ተቀላቅሏል" ብዬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

በሦስተኛው ሳምንት አውቶቡስ ተራ ሳልፍ እዚያው ቦታ ቁጭ ብሎ ጫማ ይጠርጋል። ሹራቡ የለም።

ሱፐርቫይዘራችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ አልተቆጣችኝም። "ፕሮሰስ ሪከርዲንግሽን አምጪው" አለችኝ። ይህን ነገር ገና ትጠሉታላችሁ። ከባለጉዳዩ ጋር ያወራችሁትን ቃል በቃል ትጽፋላችሁ፤ እሱ ምን አለ፣ እናንተ ምን አላችሁ፣ ያኔ ምን ተሰማችሁ። እጅ እስኪዝል ነው የሚጻፈው። አነበበችውና እርሳስ አንስታ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ጥያቄ ጠይቄዋለሁ። አገርህ የት ነው፣ እናትህ አሉ ወይ፣ ማን ዘንድ ነበርክ፣ ስልክ ታውቃለህ? "ለምን መጣህ?" የሚል አንድም የለም። "ምን ትፈልጋለህ?" የሚልም የለም። ከዚያ የልጁን መልስ ቆጠረች። አሥራ አንድ ጊዜ "እሺ" ብሏል።

"እሺ ማለት ምን ማለት ነው?" አለችኝ።

"ተስማማ ማለት ነዋ።"

"አንቺ ለአባትሽ እሺ የምትይው ስትስማሚ ብቻ ነው?"

ይህን አማርኛ ተናጋሪ ለሆነ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለትልቅ ሰው "እሺ" የሚባለው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ብዙ ጊዜ "ተይኝ" ማለት ነው። ከውጭ በመጡት የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ፈቃደኝነት አንድ ሙሉ ምዕራፍ አንብቤ ኤ አግኝቻለሁ። ስለ "እሺ" ግን አንድ መስመር አልነበረበትም።

ተመልሼ ሄድኩ። ጫማዬን ሰጠሁትና ቁጭ አልኩ። "ለምን ተመለስክ?" አልኩት። "ሥራዬ እዚህ ነው" አለኝ። ታናሽ እህት አለችው። ደብተሯንም ልብሷንም የሚችለው እሱ ነው፤ በሚያውቁት ሹፌር በኩል ብር ይልካል። አያትየውም ያውቃሉ። እኔ ሳስለቅሳቸው የልጅ ልጃቸው ስለተገኘላቸው ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ለካስ ደመወዙ ሊቀርባቸው ነው። ልጁ አልጠፋም ነበር፤ ሥራ ወጥቶ ነው።

"ታዲያ እኔ ምን ልርዳህ?" አልኩት። ሳያስብ መለሰልኝ።

"መሸኛ።"

የማታ ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ሁለት ጊዜ ሄዶ መሸኛ የለህም ተብሎ ተመልሷል። መሸኛው አገር ቤት፣ የተማረበት ትምህርት ቤት ነው። አስቡት! ያንን ሁሉ መንገድ በእኛ ገንዘብ ደርሶ መልስ ሄዷል። መሸኛውን ይዞ መምጣት ይችል ነበር። አልጠየቅሁትማ።

መሸኛውን ለማስመጣት አንድ ወር ከአሥር ቀን ፈጀ። ስልክ፣ ደብዳቤ፣ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማህተም ያዥዋ ወሊድ ላይ ናት። አሰልቺ ሥራ ነበር። ማንም ፎቶ አያነሳውም። ተመዘገበ።

እንግሊዝኛው ክላየንት ይላል። አንዳንዶች ተገልጋይ ብለው ይተረጉሙታል። እኔ የቀበሌውን ቃል እመርጣለሁ፤ ባለጉዳይ። ዘበኛው "ባለጉዳይ በዚህ በኩል!" እያለ ሲጮህ ብዙም አያስብበትም፤ ቃሉ ግን ከባድ ነው። ባለቤት፣ ባለሱቅ፣ ባለመሬት እንደምንለው ነው። ጉዳዩ የእሱ ነው፤ እኔ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ። ለአባቴ ያኔ መመለስ ያቃተኝ ይህን ነው። እናቴ ስትረዳ የምታደርገውን ታውቃለች፤ ሰውዬውን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለምታውቀው ትክክል ትሆናለች። እኔ የማላውቀውን ሰው ነው የምረዳው። ስለዚህ መጠየቅ አለብኝ። ከዚያም አፌን ዘግቼ መስማት። ሦስት ዓመት የፈጀብኝ እሱ ነው።

ይህ ለጎዳና ልጅ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ አረቢያ ሲመለሱ ታስታውሳላችሁ፤ ትንሽ ልጆች ነበራችሁ። ቦሌ ላይ ውሃና ብርድ ልብስ የሚሰጥ ሰው ነበር። "አገርሽ እናድርስሽ" የሚልም ነበር። አንዳንዷ ግን አገሯ መድረስን ነበር የምትፈራው። ለደላላ የተከፈለው ብድር አልተመለሰም፣ የላከችው ብር አልቋል፣ ባዶ እጇን ነው የምትገባው። ይህን ለማወቅ አንድ ሰው አጠገቧ ቁጭ ማለት ነበረበት።

ፍርድ ቤት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ጥቃት የደረሰበት ሕፃን በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲመሰክር ዳኛው ፊት፣ ተከሳሹ ፊት አይቆምም። ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ድምፁና ምስሉ በካሜራ ይተላለፋል። አብሮት የሚቀመጥ ባለሙያ አለ። የዳኛውን ጥያቄ ሰምቶ በልጅ አማርኛ የሚጠይቀው እሱ ነው። "ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜ ግለጽ" የሚለውን "ያኔ ጨልሞ ነበር ወይስ ፀሐይ ነበረ?" ወደሚል መለወጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቃል መጨመር አትችሉም፤ መምራትም አትችሉም። አንድ የተሳሳተ ቃል መዝገብ ያበላሻል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የሕፃናት ጥቅም ቅድሚያ ይሰጠው ይላል። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሕፃናትን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ቆመ። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ክፍል ውስጥ ተከራከሩበት። እኔ የማውቀው፣ ከዚያ ወዲህ "ይህ ልጅ የት ይደር?" የሚለው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ እኛው ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። አክስት ዘንድ? አደራ ቤተሰብ ዘንድ? ማሳደጊያ? ቤት ለቤት ሄዶ አይቶ የሚጽፈው እናንተ የምትሆኑት ሰው ነው።

ስለ ሙያው ታሪክ ባጭሩ፣ ምክንያቱም መምህሮቻችሁ በሰፊው ያስተምሯችኋል። እዚህ አገር የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 እ.ኤ.አ. በዲፕሎማ ነው። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገብቶ ለዲግሪ በቃ። ደርግ መጣና ተዘጋ፤ ሶሻሊዝም ባለበት አገር ማህበራዊ ችግር ስለማይኖር መሆኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2004 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተከፈተ፤ ያውም በማስተርስ። በ2006 ፒኤችዲ ተጨመረ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው ከማስተርሱ ኋላ መጣ። ከጣሪያው እንደተጀመረ ቤት ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ አስተማሪ መፍጠር ነበረበት። ከቺካጎ፣ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጄን አዳምስ ኮሌጅ መምህራን መጥተው አግዘዋል። ጄን አዳምስ ማለት በ1889 ቺካጎ ውስጥ በስደተኞች ሰፈር ሀል ሀውስ የተባለ የሰፈር መረዳጃ ቤት ከፍታ እዚያው የኖረች ሴት ናት፤ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝታለች። መጀመሪያ አካባቢ ለሰፈሩ ሴቶች መጽሐፍ ልታነብላቸው አስባ ነበር አሉ። ብዙም ሳይቆይ ለልጆቻቸው መዋያ ተከፈተ። እሷም የራሷ "መሸኛ" ገጥሟት ነበር ማለት ነው፤ ሴቶቹ የፈለጉት እሷ ያሰበችውን አልነበረም።

አሁን ሁላችሁም ልትጠይቁ ወደፈለጋችሁት እንምጣ፤ ደመወዝ። ትንሽ ነው። መንግሥት ቤት ትንሽ ነው፣ ግን ይቀጥላል። ኤንጂኦ ይሻላል፣ ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አንቺም ታልቂያለሽ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ "ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ተዛማጅ" የሚል ታያላችሁ። "ተዛማጅ" የምትለዋ ቃል ታናድደኛለች። ሐኪም ሲቀጠር "ሕክምና ወይም ተዛማጅ" አይባልም። ይህን ለመለወጥ በየስብሰባው የሚጮህ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ብቻዬን ድምፄ ዘግቷል።

እንባን በተመለከተ አንዲት ተማሪ ባለፈው ዓመት ጠይቃኝ ነበር። "ባለጉዳይ ፊት ቢያለቅሱ ያባርራሉ?" አያባርሩም። ግን የእናንተ እንባ ከባለጉዳይዋ እንባ ከበለጠ፣ አንገቷን ደፍታ የምታጽናናችሁ እሷ ትሆናለች። ያኔ ባለጉዳዩ እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው። ውጡና ሱፐርቫይዘራችሁ ዘንድ አልቅሱ፤ ለዚህም ጭምር ነው ያለችው። ከኪሳችሁ ገንዘብ መስጠትም እንዲሁ። ሰጥቼ አውቃለሁ። በማግስቱ ሴትየዋ ዓይኔን ማየት አፍራ ቀጠሮዋን ቀረች። የነጻ ሕክምና ደብዳቤዋን ልናስጨርስ ነበር የቀጠርኳት።

ፊልድ ስትመደቡ ከእናንተ ውስጥ አራቱ እኔ ያለሁበት ሆስፒታል ትመጣላችሁ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ሁኑ። በአበሻ ሰዓት ነው የምላችሁ። ወፍራም ደብተር ያዙ። ስልካችሁ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሥራ አልሰጣችሁም፤ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ትላላችሁ። ማንንም አትርዱ። ማን ወረቀት ይዞ እንደሚመላለስ፣ ማን ጥበቃውን ፈርቶ እንደሚቀር፣ ማን "እሺ" እያለ እንደሚሄድ ጻፉ። ዓርብ ዕለት ቆጥረን እናየዋለን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ምሳ ሳይደርስ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።