ገመዱ አጠረ፦ ፍራም በአርክቲክ ውቅያኖስ

[ምስል፦ ባለ 3 ምሰሶ የእንጨት መርከብ፣ ዙሪያዋን በረዶ]

መርከብ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረች ከተባለ በቃ፣ አለቀላት። ፍራምን ግን ሆን ብለው ነው የቀረቀሯት።

በአውሮፓውያኑ 1881 ጃኔት የተባለች መርከብ ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በረዶ ጨፍልቋት ሰጠመች። ከ3 ዓመት በኋላ ዕቃዎቿ ግሪንላንድ ዳርቻ ተገኙ። ኖርዌያዊው አሳሽ ፍሪትዮፍ ናንሰን ነገሩ ገባው። በረዶው ይጓዛል፤ እንግዲያው መርከብም ይዞ ይሂዳ! ፍራም የተባለች፣ ጎኗ ክብ የሆነ መርከብ አሠራ። በረዶው ሲጨምቃት እንደ እርጥብ ሳሙና ወደ ላይ ሙልጭ ትላለች። በ1893፣ 13 ሰዎች ሆነው በረዶው ውስጥ ገቡ። ፍራም ከበረዶው የወጣችው በ1896 ነው።

[ምስል፦ በበረዶው ቀዳዳ የሚወርድ ገመድ]

የባሕሩን ጥልቀት ለመለካት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምቾት የለም። ማዕበል የለ፣ መናወጥ የለ። በረዶውን በስቶ ገመድ መልቀቅ ብቻ ነው። ግን ናንሰን የጠበቀው ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ገመዱ ወርዶ ወርዶ መሬት ሳይነካ አለቀ። ስለዚህ የመርከቧን የብረት ገመድ ፈትተው፣ ሽቦዎቹን ቀጣጥለው ሌላ ረጅም ገመድ ሠሩ፤ ያውም ደጅ፣ በዚያ ብርድ። ጥልቀቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆነ።

የውሃው ሙቀት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ከላይ ከዜሮ በታች ነው። ከ200 ሜትር ገደማ በታች ግን ከዜሮ በላይ ይሆናል። ሞቃት ውሃ ለምን ወደ ላይ አይወጣም? ጨው ስለበዛበት ነው፤ ጨው ያከብደዋል። ይህ ከአትላንቲክ የገባ ውሃ ነው።

[ምስል፦ የናንሰን ጠርሙስ በቅርበት]

ታዲያ እታች ያለውን ሙቀት ላይ ሆኖ እንዴት ማወቅ ይቻላል? ተራ ቴርሞሜትር እስኪወጣ ድረስ ንባቡ ይለዋወጣል። ናንሰን በኋላ በስሙ የተጠራ የብረት ጠርሙስ ሠራ። ጠርሙሱ ይወርዳል፤ ከላይ ትንሽ ክብደት በገመዱ ላይ ይለቀቃል። ክብደቱ ሲመታው ጠርሙሱ ተገልብጦ ግጥም ይላል። ቴርሞሜትሩም አብሮ ይገለበጣል፤ ሜርኩሪው ይበጠስና ንባቡ ባለበት ይቀራል። ብልሃት ማለት እንዲህ ነው።

[ምስል፦ የነፋስና የበረዶ አቅጣጫ ቀስቶች]

አንድ ነገር ግን ናንሰንን ግራ አጋባው። በረዶው የሚሄደው ነፋሱ በሚገፋበት አቅጣጫ አልነበረም፤ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ምክንያቱ የምድር መሽከርከር መሆኑን ገመተ። ሒሳቡን ለስዊድናዊው ተመራማሪ ኤክማን ተወለት፤ እሱም በ1905 አሳተመው።