ደረጃ የምትወርደዋ ቡናማ ሴትዮ

እሺ፣ ፎቶውን እዩት። ሰፊ የእንጨት ደረጃ። መሃሉ ላይ ነጠላ የተከናነበች የምትመስል ጭጋግ። አያችኋት? ሬይናም ሆል በሚባል ቤት ትታያለች የምትባለዋ መንፈስ፣ "ቡናማዋ ሴትዮ"፣ ይቺ ናት።

ቤቱ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ነው ያለው። የታውንሸንድ ቤተሰብ ቤት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቀጭቁኝ።) ሴትዮዋ ዶሮቲ ዋልፖል ናት ይባላል፤ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር እህት። አፈ ታሪኩ ባሏ ክፍል ውስጥ ቆልፎባት ሞተች ይላል። መዝገቡ ደግሞ በ1726 በፈንጣጣ ሞተች ይላል። ባልየው የሚታወቀው በተርኒፕ (ሥሩ የሚበላ አትክልት ነው) እርሻ ነው። ቅጽል ስሙም "ተርኒፕ ታውንሸንድ"! እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ሰው ያስፈራል እንዴ?

ፎቶው የተነሳው ሴፕቴምበር 19 ቀን 1936 ነው። ሁለት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። አንዱ ራሱን ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ከቶ ካሜራ ያስተካክላል። ሌላው ፍላሽ ይዞ ቆሟል። ድንገት "ቶሎ በል፣ የሆነ ነገር አለ!" ብሎ ጮኸ። ብልጭ! ጨርቅ ውስጥ ያለው ወጥቶ "ምን ሆነህ ነው?" አለው። እሱ ምንም አላየም። ልብ በሉ፣ ካሜራውን የያዘው ሰው ምንም አላየም!

አሁን ወደ እናንተ። ባለፈው ብዙዎቻችሁ "ያኔ ፎቶሾፕ የለም፣ ስለዚህ እውነት ነው" አላችሁኝ። ኧረ በፈጠራችሁ! በ1860ዎቹ አሜሪካ ውስጥ መምለር የሚባል ሰው የሞቱ ዘመዶችን ፎቶ ላይ እያስገባ ይሸጥ ነበር። በ1869 ፍርድ ቤት ቀርቦ በነፃ ተለቀቀ። የሊንከን ሚስት ሳትቀር ሄዳ ተነስታለች፤ ሟቹ ባሏ ከኋላዋ ቆሞ!

እንዴት ይሰራል? አነባበሮ ታውቃላችሁ አይደል? አንዱን እንጀራ ትጋግራለህ፤ ሁለተኛው ምጣድ ላይ ሳይደርቅ የመጀመሪያውን ትደርብበታለህ። ተጣብቆ አንድ ይሆናል። ቆርሰህ ስትበላ የቱ ቀድሞ እንደተጋገረ ማን ያውቃል? (ራበኝ።) ፊልምም እንደዚያ ነው። አንዴ ብርሃን ገባበት፣ ሳትቀይረው ደገምክ፣ ሁለት ምስል ተደረበ፣ አለቀ። እዚህም የተደረገው እሱ ይመስለኛል። የሌንስ ቅባት ነው፣ ካሜራው ተንቀሳቅሶ ነው የሚሉም አሉ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ሴትዮዋ እያየቻችሁ ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ "ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቡናማ መሆኗን በምን አወቁ?" ጎበዝ! በ1835 ለገና በዓል የመጡ እንግዶች ቡናማ ቀሚስ ለብሳ አየናት ብለው ነው። ፎቶው ላይ ግን ነጭ ነገር ነው የሚታየው። መቶ ዓመት ነው፣ ቀሚስ ቀይራ ይሆናላ።