ፊደሉ ሳጥን ሳይሆን ሲነበብ

አቅራቢዋ፦ ጤና ይስጥልን፣ ከጅማ ነን። ዛሬ እንግዳ የለንም። ባልደረባዬ ዲዛይን ያደረጋቸውን የቆዩ ድረ ገጾች እናነሳለን። ሰሞኑን ስትፈልጋቸው ነበር አይደል?

አቅራቢው፦ አዎ፣ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ። አንዳንዶቹን አገኘኋቸው። የሚገርምሽ ግን ገጹ አለ፣ አማርኛው የለም።

አቅራቢዋ፦ እንዴት?

አቅራቢው፦ ያኔ አማርኛውን በምስል ነበር የምናስገባው። ኢንተርኔት ቤቶች ውስጥ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ እሱ ደግሞ የግዕዝ ፎንት፣ ማለትም ፊደሉን የሚያሳይ ፋይል፣ ይዞ አይመጣም። ሰው ገጹን ሲከፍት ሳጥን ሳጥን ብቻ ይታየዋል። ስለዚህ ርዕሱንም ማውጫውንም ፎቶሾፕ ላይ ጽፈን እንለጥፋለን። ምስሉ ካልተቀመጠ ቃሉም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

አቅራቢዋ፦ የዓለምን ፊደላት ኮምፒውተር እንዲያውቃቸው ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ አልነበረም እንዴ?

አቅራቢው፦ ነበረ እንጂ! ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ግን ኮምፒውተሩ ላይ ፎንት ከሌለ ምን ይጠቅማል? በኋላ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ፎንቱን ከገጹ ጋር አብሮ መላክ ተለመደ። ለኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው። ገጽ ላይ እንቅስቃሴ የምናሳይበት ፍላሽ መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋረጠ፣ እሱ ብዙም አያሳዝነኝም።

አቅራቢዋ፦ ከሠራሃቸው የምትወደው የቱን ነው?

አቅራቢው፦ እዚሁ ጅማ ለአንድ ቡና ነጋዴ የሠራሁትን። በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ፊደል እየደገመ ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል፤ አማርኛው አጭር ነው። ገጹ ላይ የሚጫኑት ቁልፍ ውስጥ በአንዱ ቋንቋ የገባው ቃል በሌላው አይገባም።

አቅራቢዋ፦ ታዲያ ምን አደረግክ?

አቅራቢው፦ ሎረም ኢፕሰም የሚባለውን የላቲን ማሟያ ጽሑፍ ተውኩት። መጀመሪያ የሦስቱንም ቋንቋ ትክክለኛ ጽሑፍ ተቀበልኩ፣ ከዚያ መሣል ጀመርኩ። ያኔ ነው ችግሩ ሁሉ የሚወጣው። የፈረንጅ ቴምፕሌት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚመጣ የገጽ ንድፍ፣ ማውጫን በትልልቅ ፊደል ያደምቃል። ግዕዝ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ ትእዛዙን ብትሰጪውም ምንም አይለወጥም። ስለዚህ ርዕሱ ርዕስ እንዲመስል በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለም መለየት አለበት።

አቅራቢዋ፦ የፊደሉ መጠንስ?

አቅራቢው፦ እሱ ላይ አልደራደርም! ለእንግሊዝኛ የሚበቃ መጠን ለአማርኛ አይበቃም። «ሱ» እና «ሲ»ን የምትለያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ፊደሉን ስታሳንሺው ጭረቷ ትጠፋለች፣ አንባቢው ይገምታል። በመስመሮቹ መካከልም አየር ያስፈልጋል። እናቶቻችን ስልክ ላይ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እያደረጉ ማንበብ የለባቸውም።

አቅራቢዋ፦ ስልክ ካነሳህ አይቀር፣ ያኔ ለስልክም ትሠሩ ነበር?

አቅራቢው፦ መጀመሪያ ላይ የለም። የድረ ገጽ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት ገጹ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያስተካክል የሚለውን ሐሳብ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እዚህ ተማሪውም ነጋዴውም ኢንተርኔት የሚገባው በስልኩ ነው፤ ስለዚህ አሁን ከስልኩ ነው የምጀምረው።

አቅራቢዋ፦ የቡናው ገጽ ዛሬም አለ?

አቅራቢው፦ አለ። ሌላ ልጅ እንደ አዲስ ዲዛይን አድርጎታል፤ ቀለሙም አቀማመጡም ተቀይሯል። ጽሑፉን ግን እንዳለ ኮፒ አድርጎ ነው የወሰደው፣ በምስል ስላልነበረ። ባለፈው አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጎግል ላይ ፈለግኩ፣ ገጹ ወጣ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።