ክረምት ሲገባ ስለሚጫነን ድባቴ
(በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በሰኔ ማብቂያ ለእድር አባላት የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ዝናቡ ሳይጠና ይህን ጉዳይ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። በነርስነት ሥራዬ ከሐምሌ እስከ መስከረም መባቻ ደጋግሜ የምሰማው እሮሮ አለ፦ «ሰውነቴ ከበደኝ፣ እንቅልፍ አልጠግብ አልኩ፣ ሰው ማየት አስጠላኝ።» አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና ወይም ብርድ ነው ብለን እናልፈዋለን፤ አንዳንዱ ግን ወቅት ጠብቆ የሚመጣና ወቅቱ ሲያልፍ የሚለቅ ድባቴ ነው።

ዶክተር ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ሕመሙን በጥናት የገለጹት በአሜሪካ፣ በብርድ ወራት ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት አገር ነው። የእኛ ነገር ይለያል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ እንዲያውም ረዥሙ ቀናችን የሚውለው በዚሁ በሰኔ ነው። ብርሃኑን የሚቀንስብን ደመናው ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከደመናው ይልቅ የሚጎዳን በር ዘግተን መዋላችን ነው።

ግራውንድ ላይ ያለ ስቱዲዮን አስቡ። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፣ መብራት ሲጠፋ በረፋዱም ሻማ ይበራል። መብራቱ ቢኖር እንኳ የቤት አምፖል ብርሃን በአብዛኛው ከጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አያልፍም፤ ደጅ ግን ሰማዩ ደመና ለብሶም በሺዎች የሚቆጠር ሉክስ ይገኛል። በውጭ አገር ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው የብርሃን ሳጥን 10,000 ሉክስ የሚሰጥ ሲሆን፣ ታማሚው ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ሳጥኑን ፍለጋ የምንደክምበት ምክንያት አይታየኝም። ዶፉ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ጭቃው ቢያማርርም ቦት ጫማ አድርጎና ጋቢ ደርቦ ጠዋት በብሎኮቹ መካከል መመላለስ ይቻላል። ዓይን የጠዋት ብርሃን ሲያገኝ አንጎል የእንቅልፍና የንቃት ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ስለዚህ ሥራ ባይኖርም በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት ይጠቅማል። የጠዋቱን ቡና ከሳሎን አውጥቶ ኮሚናሉ በረንዳ ላይ ማፍላትስ ምን ይከብዳል? ብርሃኑም ጎረቤቱም አብሮ ይገኛል።

«ብርድ ያስወጣል» ተብሎ የሚጠጣው አረቄ ግን እንቅልፍ ያውካል፣ በማግስቱም ስሜትን ይበልጥ ያወርዳል።

ይህ ሁሉ ቀላል ለሆነው ነው። ከባዱ ስሜት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ሥራና ልጅ መንከባከብ ካቃተ፣ ይልቁንም ሞትን መመኘት ከመጣ፣ መስከረም እስኪጠባ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። አስፈላጊ ሲሆን ጤና ጣቢያው እንደ አማኑኤል ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ይልካል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ሊያቋርጥ አይገባም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አለኝ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ደቂቃ አይፈጅበትም። በዚህ ክረምት ደግሞ በየብሎኩ ሁለት ሁለት ሰው ይመደብና፣ ለቀናት ከቤት ሳይወጣ የሰነበተን ጎረቤት በር ያንኳኳ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊው አስመዝግቡ፤ አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።