ሦስተኛው ኮፒ ላይ የሚነበብ ማስታወቂያ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ወረቀት ነው። ወረዳ ውስጥ ባለ የወጣት ማዕከል በር ላይ ስለሚለጠፈው፣ በሰፈር አዳራሽ ስብሰባ ስለሚበተነው፣ ለምዝገባ ስለሚሞላው ወረቀት። ሁሉም ሰው ሊያነበው እንዲችል እንዴት እንደሚሠራ።

«ተደራሽ» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ ወደ ብሬል፣ በጣት ወደሚነበበው የነጥብ ጽሑፍ፣ ይሄዳል። እመለስበታለሁ። ግን ብሬል ከሚያነበው ሰው ይልቅ ጎላ ያለ ፊደል የሚፈልገው ይበዛል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ላይ 40 ዓመት አልፎት የቅርቡ የሚደበዝዝበትን፣ መነጽርም ያልገዛውን ሰው ሁሉ ጨምሩ። እነዚህ ሰዎች ወረቀቱን ያያሉ፤ የሚቸግራቸው ማንበቡ ነው።

የእኔ አቋም አንድ ነው። ማስታወቂያ የሚሠራው ለኮምፒውተር መስኮት ሳይሆን ለሦስተኛው ፎቶ ኮፒ ነው። የመጀመሪያው ኅትመት ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ኮፒው ይባዛል፣ የኮፒው ኮፒ ግድግዳ ላይ ይወጣል።

በየኮፒው ፊደሉ እየተበላሸ ይሄዳል፤ ይሄ በእኛ ፊደል ላይ የከፋ ነው። ቡ እና ቢን የምንለያቸው ትንሿ ጭረት ወገብ ላይ ናት ወይስ እግር ሥር በሚል ነው። ቢ እና ቤን የሚለያቸው ደግሞ እግር ሥር ያለችው ቀለበት ክፍት መሆኗ ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ቀለሙን በትንሹ ያሰፋዋል፤ ቀለበቷ ትደፈናለች፣ «ለሴቶች» የሚለው «ለሲቶች» ይመስላል። እንዲህ ዓይነቱን አንባቢ ገምቶ ያልፈዋል። የሰው ስም ወይም የቦታ ስም ሲሆን ግን ግምት አያዋጣም።

ስለዚህ መጠን። ኮምፒውተር ላይ 12 የሚለውን ቁጥር አትመኑ፤ ኒያላ የሚባለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) በ12 እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው በ12 ወረቀት ላይ እኩል አይደሉም፣ ኒያላ ያንሳል። አትሙና «በ»ን በማስመሪያ ለኩ። በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ወረቀት ቁመቷ ከ3.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፤ ይሄ በብዙዎቹ ፎንቶች መጠን 14 አካባቢ ላይ ይመጣል። ዕይታቸው ለደከመ ሰዎች ተብሎ ለሚዘጋጀው 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 18 ገደማ። ለባነር ሌላ ስሌት አለ። አንባቢው በቆመበት በየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የፊደል ቁመት ስጡት። ከመንገድ ማዶ 12 ሜትር ላይ ያለ ሰው እንዲያነብ ከፈለጋችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያኔ ባነሩ ላይ ከአሥር ቃል በላይ እንደማይገባ ይገባችኋል፣ የስፖንሰሮች ዝርዝርም ቦታ አያገኝም።

ደመቅ ማድረግ ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። ኒያላም አቢሲኒካም የራሳቸው ደማቅ ቅርጽ የላቸውም። ዎርድ ላይ ቦልድን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ያንኑ ፊደል ያወፍረዋል እንጂ አዲስ ፊደል አያመጣም፤ ቀለበቶቹ ገና ፎቶ ኮፒ ሳይደረጉ ይደፈናሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭን እስከ ወፍራም ለየብቻ የተቀረጹ ቅርጾች አሉት፣ በነጻም ይገኛል። ለርዕስ እሱን ተጠቀሙ። ኢታሊክን ተዉት፤ የግዕዝ ፊደል ማዘንበል ልማዱ አይደለም። ከሥር ማስመርም እግር ሥር ያሉትን ምልክቶች ይበላል።

የመስመር ክፍተት ከፊደሉ መጠን አንድ ተኩል ገደማ ይሁን። ክፍተቱን በቁጥር የምትቆልፉ ከሆነ ለ14 ፊደል 21 ስጡት፤ ካሳነሳችሁት የቿ እና የኟ አናት ይቆረጣል። ግራውን አስተካክሉ፣ ቀኙን ልቀቁት። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ በሰረዝ ሰብረን ወደ ታች አናወርደውም፤ በሁለቱም በኩል ሲስተካከል ቃላቱ መካከል ሰፋፊ ነጭ ቦታ ይከፈትና ዓይን መስመሩን ይስታል። አንድ መስመር ላይ ከ35 እስከ 45 ፊደል ይበቃል። ኤ4 ወረቀት በመጠን 14፣ ግራና ቀኝ 2.5 ሴንቲ ሜትር ተትቶ፣ በግምት እዚያው ላይ ያርፋል።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ የዎርድ ፋይል ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ኒያላ ከሌለው ሳይነግራችሁ በኤብሪማ ይተካዋል፤ ገጹ ይገፋና የመጨረሻዋ መስመር፣ ብዙ ጊዜ ስልክ ቁጥሯ፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ ትወድቃለች። በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ከሆነማ ጭራሽ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ፎንቱ ውስጡ የተካተተ ፒዲኤፍ ስጧቸው።

ቀለም ላይ አጭር ነኝ። ጥቁር በነጭ፣ ወይም ጥቁር በፈዛዛ ቢጫ። ቢጫ ፊደል ነጭ ላይ አይነበብም። ቀይና አረንጓዴን ደግሞ ጥቁርና ነጭ ኮፒው አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል፤ «በቀይ የተጻፉት ብቻ ይምጡ» የሚል ማስታወቂያ ኮፒ ሲደረግ ማንንም አይጠራም።

ማህተም! ይሄን የትኛውም የዲዛይን ትምህርት አያነሳውም። የእኛ ማስታወቂያ ማህተም ይመታበታል፣ ማህተሙም የሚያርፈው ከታች፣ ቀኑና ስልኩ ያለበት ላይ ነው። ከጽሑፉ በታች 6 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉለት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር አድርጉ። የደብዳቤው አርማ የገጹን ሲሶ ከያዘም አሳንሱት።

ቋንቋውም የዲዛይኑ አካል ነው። «ተገልጋዮች አስፈላጊውን ማስረጃ አሟልታችሁ እንድትቀርቡ እናሳውቃለን» የሚለውን ያነበበ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አያውቅም። «መታወቂያዎንና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘው ይምጡ» በሉት። ሰዓት ሲጻፍ «2:30» ብቻ አይበቃም፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል» ይባል። ከቀኑ ጋር ዕለቱ ይጻፍ፣ ሐሙስ ከሆነ ሐሙስ። አፋን ኦሮሞ የሚጨመር ከሆነ ለየብቻ ዓምድ ስጡት እንጂ በየመስመሩ አታቀላቅሉ፤ አንድ ፊደላችን በላቲን ሁለትና ሦስት ስለሚሆን ለእሱ አንድ ተኩል ያህል ስፋት አስቡ። ቦታ አጠረ ተብሎ ያኛው በትንንሽ ፊደል ከታች ሲወሸቅ አያለሁ፤ ይሄ ንቀት ነው።

ስለ መለጠፊያው ቦታ። የሰሌዳው መካከል ከወለል 120 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ዊልቸር ላይ ያለም የቆመም ያነባል። አስፈላጊው ነገር ከ150 በላይ አይውጣ። ላሚኔሽን ዝናብ ይከላከላል፣ ግን ብርሃን ያንጸባርቃል፤ በረንዳ ላይ ከሆነ የማያብለጨልጨውን ዓይነት ጠይቁ፣ ከሌለ በመስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት። በሁለት ገጽ የሚታተም ከሆነ 80 ግራም ወረቀት ጀርባውን ያሳልፋል፤ 100 ግራም ይሻላል።

አሁን ብሬል። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አንድ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሕዋስ፣ ማለትም ሁለት የነጥብ ስብስብ፣ ይወስዳል፤ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ሁለት ሦስት የብሬል ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉን መጀመሪያ አሳጥሩ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ከ140 እስከ 160 ግራም ይሁን። አትጠቅልሉት፣ ዕቃ አትጫኑበት፣ ነጥቦቹ ይተኛሉ። ከጀርባው በተራ ጽሑፍ ምን እንደሆነ ጻፉበት፣ አለዚያ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ አያገኘውም። የላይኛውን ቀኝ ጥግ ትንሽ ቁረጡት፣ ማንም ዘቅዝቆ እንዳይሰጥ። ግድግዳ ላይ መስቀሉ ጥቅም የለውም፤ መኖሩን የሚያውቅ ዓይነ ስውር ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ መኖሩ በቃል ይነገር። ከማተማችሁ በፊት ብሬል አንባቢ ያንብበው፤ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማህበር ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። አንባቢውን ለብሬሉ ክፍያ መጠየቅ ግን አይሆንም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 21 መረጃው በወቅቱና ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደርስ ይላል።

ያንኑ ማስታወቂያ በቴሌግራም ስትልኩ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትላኩ። ጽሑፉንም ከሥሩ ለጥፉ፤ የስልክ ድምፅ አንባቢ የሚያነበው እሱን ነው። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ቅዱ።

ከመባዛቱ በፊት ሙከራ አለ። ኮፒውን ኮፒ አድርጉ፣ ያንንም እንደገና ኮፒ አድርጉ። 50 ዓመት ለዘለለ ሰው ያለ መነጽር በመተላለፊያው ብርሃን ስጡትና «መቼ ነው? የት ነው? ምን ይዘው ይመጣሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ በይሉኝታ ጥሩ ነው ይሏችኋል።

በመጨረሻም ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከማህተሙ ርቆ፣ «እስከ ታኅሣሥ 20 ይነሳ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑ ሲደርስ የጥበቃ ሠራተኛውም ቢሆን ማንንም ሳይጠይቅ ያነሳዋል።